ስለ ሮማ የነሐስ ገንዘብና በላዩ ስለ ተቀረጸው መልክ፤ የወንጌልን ቃል ለሚመረምሩ የተጻፈ ሐተታ

በወንጌል ውስጥ ስለ ገንዘብ የተነገረው ቃል ብዙ ነው። የመበለቲቱ መባ፥ የድንቢጦች ዋጋ፥ የወይን ቦታ ሠራተኞች ደመወዝ፥ ለቄሣር የሚከፈለው ግብር፥ ባለዕዳው እስኪከፍለው ድረስ ከወህኒ የማይወጣበት ትንሹ ገንዘብ፥ ይህ ኹሉ በጊዜው በሰው እጅ ሲዘዋወር የነበረ፥ ክብደቱም መልኩም የታወቀ ነው። ቃሉን ይሰሙ የነበሩት ሰዎች ገንዘቡ በመቀነታቸው ስለ ነበረ ተርጓሚ አላሻቸውም። በኋላ ዘመን የተነሣ አንባቢ ግን የብሩን ዲናር ከነሐሱ ገንዘብ፥ የቄሣር መልክ ያለበትንም ከሌለበት ሳይለይ ቢያልፍ፥ የነገሩ ኀይል ይሰወርበታል። ስለዚህ የነሐሱ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ፥ ዋጋው ምን ያህል እንደ ኾነ፥ በላዩም የተቀረጸው ሥዕል ምን ይናገር እንደ ነበረ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። ዓመቱ ኹሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩፤ ስለ ነሐስ ገንዘብ አመጣጥ

የሮማ ሰዎች አስቀድሞ የተቀረጸ ገንዘብ አልነበራቸውም። ሀብታቸው ከብት ነበረ፤ በቋንቋቸውም ገንዘብ የሚጠራበት ፔኩንያ የሚባለው ስም ከከብት ስም ከፔኩስ የወጣ ነው። ለመገበያያ የሚኾናቸው ምንም ምልክት የሌለበት የነሐስ ስባሪ ነበረ፤ ይህንም በሚዛን እየመዘኑ ይሰጣጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ነሐሱን እንደ ጡብ አድርገው እያፈሰሱ በላዩ የበሬና የሌላም ነገር ሥዕል ያወጡበት ጀመር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ክብ የኾነ ታላቅ የነሐስ ገንዘብ አፈሰሱ፤ ስሙንም አስ አሉት። መጀመሪያ የወጣው አስ አንድ የሮማ ነጥር ያህል ይመዝን ነበር፤ ይኸውም ወደ 320 ግራም የሚጠጋ ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ብዙ አድርጎ የሚይዝ ሰው በጋሪ ካልኾነ በቀር ሊያጓጕዘው አይችልም ነበር።

በአሱ ፊት ያኑስ የሚሉት ጣዖታቸው ተቀርጾ ነበር። ይህ ጣዖት ኹለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ይመለከታል። ምነው ቢሉ፥ የበርና የመዝጊያ፥ የነገርም መጀመሪያ ጠባቂ ነው ይሉት ስለ ነበረ ነው፤ አውሮፓውያን የዓመታቸውን መጀመሪያ ወር ጃንዋሪ ማለታቸውም ከዚሁ ከያኑስ ስም ነው። በጀርባው የመርከብ ግንባር አለ። ከአሱ በታች ላሉት ክፍልፋዮች ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ጣዖት ተቀረጸለት። ከዚህም ጋር የነጥብ ምልክት ተደረገባቸው፤ የአሱ ሲሶ አራት ነጥብ፥ ሩቡ ሦስት ነጥብ፥ ከዐሥራ ኹለት አንዱ አንድ ነጥብ አለው። ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ማንበብ የማያውቀው ገበሬና ወታደር ነጥቡን በጣቱ ዳስሶ ዋጋውን እንዲያውቅ ነው።

ሮማውያን ከካርታጎው ከአኒባል ጋር ከ218 እስከ 201 ከክርስቶስ ልደት በፊት በተዋጉ ጊዜ ለጦሩ የሚወጣው ወጪ በዛ፤ የአሱም ክብደት እያነሰ ሄደ። በዚያው ጦርነት ጊዜ፥ በ211 ገደማ፥ ዲናር የተባለውን የብር ገንዘብ አወጡ። ዲናር ማለት የዐሥር ማለት ነው፤ በመጀመሪያ ዐሥር አስ ይመነዘር ስለ ነበረ። በኋላ ግን በ16 አስ እንዲመነዘር ኾነ። ገንዘቡ ይመታበት የነበረው ቤት በሮማ ከተማ በካፒቶል ኰረብታ፥ ዩኖ ሞኔታ ከምትባለው ጣዖት ቤተ መቅደስ አጠገብ ነበረ፤ ብዙ የአውሮፓ ሕዝብ ገንዘብን የሚጠሩበት ስም ከዚህች ከሞኔታ ስም የተገኘ ነው።

፪፤ አውግስጦስ ስለ ሠራው ሥርዓት

ጌታችን በተወለደበት ዘመን የነገሠው አውግስጦስ ቄሣር የነሐሱን ገንዘብ አዲስ ሥርዓት ሠራለት። አንዱ የወርቅ ገንዘብ 25 ዲናር፥ አንዱ ዲናር 4 ሴስቴርቲዮስ፥ አንዱ ሴስቴርቲዮስ 2 ዱፖንዲዮስ፥ አንዱ ዱፖንዲዮስ 2 አስ፥ አንዱ አስ 4 ቋድራንስ ኾነ። ሴስቴርቲዮስና ዱፖንዲዮስ መዳብ ከዚንክ ጋር ተቀላቅሎ ከሚገኘው ወርቅ መሳይ ቢጫ ናስ ይሠሩ ነበር፤ አስና ቋድራንስ ግን ከቀይ መዳብ ነበሩ። ሴስቴርቲዮስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፊቱ ሰፊ ስለ ኾነ ቅርጽ አውጪዎች ጥበባቸውን ከሌላው ይልቅ በእርሱ ላይ ገልጸዋል።

በብዙው የነሐስ ገንዘብ ጀርባ ኤስና ሴ የሚባሉ ኹለት የሮማይስጥ ፊደላት ይታያሉ፤ ትርጓሜያቸው በሸንጎው ምክር ማለት ነው። ከኔሮን ዘመን ጀምሮ ደግሞ ዱፖንዲዮስና አስ በመጠን ስለሚቀራረቡ፥ በዱፖንዲዮሱ ላይ ያለው ቄሣር እንደ ፀሐይ ጨረር ያለው አክሊል፥ በአሱ ላይ ያለው ግን የቅጠል አክሊል ደፍቶ እንዲሣል ኾነ። እንዲህም ኾኖ የንጉሡ አክሊል የገንዘቡን ዋጋ ያሳይ ነበር።

አመታቱ እንዲህ ነው። ጠንካራ በኾነ ብረት ወይም ነሐስ ላይ መልኩን ገልብጠው ይቀርጹታል፤ አንዱን ቅርጽ በመስፍ ላይ ይተክሉታል፤ የጋለውን ክብ ነሐስ በጕጠት ይዘው ያኖሩበታል፤ ኹለተኛውንም ቅርጽ ከላይ አድርገው በመዶሻ ይመቱታል። በአንድ ምት ፊቱም ጀርባውም ይወጣል። ሥራው በእጅ ስለ ኾነ ከአንድ ቅርጽ የወጡት እንኳ ፈጽመው አይተካከሉም፤ አንዱ መሐል ለመሐል፥ አንዱ ወደ ዳር ተመትቶ ይገኛል።

፫፤ መልኩ ለምን ይቀረጽ እንደ ነበረ

በዚያ ዘመን አዋጅ በየመንደሩ ፈጥኖ አይደርስም፤ የንጉሡንም ፊት የሚያየው ጥቂት ሰው ነበረ። የነሐስ ገንዘብ ግን ዳቦ ከሚሸጥበት ዐደባባይ ጀምሮ እስከ ድኻው ቤት ይገባ ነበር። ስለዚህ ቄሣሮች በአንድ ወገን መልካቸውንና ስማቸውን፥ በሌላው ወገን ደግሞ ሕዝቡ እንዲያምነው የሚፈልጉትን ነገር አስቀረጹ። ድል አድርገው እንደ ኾነ ክንፍ ያላት ሴት፥ እህል አብዝተው አድለው እንደ ኾነ የእህል ዛላና መርከብ፥ ሕንፃ ሠርተው እንደ ኾነ ሕንፃው ይታያል። በ80 ዓ. ም. ጥጦስ ቄሣር ባስመታው ሴስቴርቲዮስ ላይ ታላቁ የሮማ ትርኢት ቤት ኮሎሴዎ ከነተመልካቾቹ ተቀርጿል።

ነገር ግን ገንዘቡ የሚናገረው ንጉሡ የወደደውን ብቻ ነው። ኔሮን በ65 ዓ. ም. ገደማ የያኑስን ቤተ መቅደስ ከነተዘጋ በሩ በነሐስ አስቀረጸ፤ የዚያ በር መዘጋት በምድርና በባሕር ሰላም ኾነ ማለት ነበረ። በ64 ዓ. ም. ሮማ ከተቃጠለች በኋላ ክርስቲያኖችን በሥቃይ የገደለ ይኸው ኔሮን ነው። እንግዲህ ገንዘቡን ብቻ አይቶ ዘመኑን የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል።

መልኩን ማውጣት ክብር እንደ ነበረ ኹሉ መልኩን ማጥፋት ቅጣት ነበረ። በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን ታላቅ ሥልጣን የነበረው ሴያኖስ በ31 ዓ. ም. በሞት በተቀጣ ጊዜ፥ በእስጳንያ በቢልቢሊስ ከተማ በተመታው አስ ላይ ያለው ስሙ ከአንዳንዱ ገንዘብ ተፍቆ ጠፋ። በ211 ዓ. ም. ካራካላ ወንድሙን ጌታን ባስገደለው ጊዜም፥ በእስያ አንዳንድ ከተሞች ኹለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ከተሣሉበት የነሐስ ገንዘብ የሟቹ ፊት በመሮ ተቈረጠ።

፬፤ በይሁዳ ምድር ስለ ነበረው ነሐስ

ኦሪት የተቀረጸ ምስልን ትከለክላለችና በይሁዳ ምድር ነገሩ ሌላ ነበረ። ከ103 እስከ 76 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው እስክንድር ያናይ ባስመታው ትንሽ ነሐስ ላይ መልሕቅና ኮከብ እንጂ የሰው ፊት የለም። ከ6 ዓ. ም. ጀምሮ ከሮማ የተላኩት ገዦችም የሕዝቡን ሕግ ፈርተው የገብስ ዛላና ፍሬ ያንዠረገገ ዘንባባ አስቀረጹ፤ የቄሣርን ስም ጻፉ እንጂ መልኩን አላወጡም። የሄሮድስ ልጅ ፊልጶስ ብቻ፥ ከሚገዛቸው ሰዎች የሚበዙት አሕዛብ ስለ ነበሩ፥ የቄሣርን መልክ በገንዘቡ ላይ አደረገ።

ጶንጤናዊው ጲላጦስም በ29፥ በ30ና በ31 ዓ. ም. ትንንሽ ነሐስ አስመትቷል። በእርሱም ገንዘብ ላይ የሰው መልክ አልወጣም፤ ነገር ግን በአንዱ ላይ የሮማ ካህናተ ጣዖት ለጣዖት ወይን የሚያፈሱበት ጭልፋ፥ በሌላው ላይ ጠንቋዮቻቸው የወፍ በረራ አይተው ሲያሟርቱ የሚይዙት ጫፉ የቈለመመ በትር ተቀርጿል። በጭልፋው ጀርባ ሦስት የገብስ ዛላ አለ። አይሁዳዊ የኾነ ሰው ቤሳውን ተቀብሎ ባየ ጊዜ በአንዱ ወገን የምድሩን በረከት፥ በሌላው የጣዖት አምልኮ ዕቃ ያገኝ ነበር። የጌታችን ሕማም በኾነበት ወራት በኢየሩሳሌም ገበያ ይዘዋወር የነበረው ነሐስ ይህንም የሚጨምር ነው።

ኾኖም ስለ ምስል የነበረው ጥንቃቄ በብር ገንዘብ ላይ እንዲህ የጸና አልነበረም። ለቤተ መቅደስ ይከፈል የነበረው የጢሮስ ብር የመልቃርትን ራስ በፊቱ፥ ንስርን በጀርባው የያዘ ነበረ፤ ብሩ ንጹሕ ስለ ኾነ ተቀበሉት። ለግብር የሚከፈለውም ዲናር፥ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ የጢባርዮስ ቄሣር መልክ ያለበት የብር ገንዘብ ነው፤ በዙሪያው ጢባርዮስ የአምላክ የአውግስጦስ ልጅ ነው የሚል ጽሕፈት፥ በጀርባውም ሊቀ ካህናት የሚል ማዕርግ አለ። መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደ ኾነ በተጠየቁ ጊዜ ጠያቂዎቹ በእጃቸው የያዙት ይህን ነበረ። ገንዘቡን ከራሳቸው ዘንድ አውጥተው ማሳየታቸው የቄሣርን ገንዘብ ሲገበያዩበት መኖራቸውን ገለጠ።

፭፤ ስለ መበለቲቱና ስለ ድንቢጦች

መበለቲቱ ወደ መባው ሣጥን የጣለችው በግእዙ ጸራይቅ፥ በጽርእ ሌፕታ የተባለውን ነው፤ ይህም ከነሐስ ገንዘብ ኹሉ የሚያንሰው ነው። ወንጌላዊው ማርቆስ ኹለቱ አንድ ቋድራንስ እንደሚኾኑ ገልጿል፤ የሮማን ገንዘብ የሚያውቅ አንባቢ እንዲረዳው ነው። ቋድራንስ የአስ ሩብ፥ አስ ደግሞ የዲናር 16ኛ እጅ ነውና፥ ኹለቱ ጸራይቅ የዲናር 64ኛ እጅ ናቸው። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ኾነ ከወይኑ ቦታ ምሳሌ ይታወቃል። እንግዲህ መበለቲቱ የሰጠችው አንድ ሠራተኛ በቀን ከሚያገኘው ከ64 እጅ አንዱን ነው፤ ያውም ምግቧ ኹሉ እርሱ ነበረ።

ጸሪቁ ኹለት መኾኑም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። አንድ ቢኾን ኖሮ ሊከፈል አይችልም፤ ወይ ትሰጠዋለች ወይ ታስቀረዋለች። ኹለት ሲኾን ግን አንዱን ለእግዚአብሔር ሰጥታ አንዱን ለራት ማስቀረት ትችል ነበር፤ ኹለቱንም ጣለች። አንድም በቤተ መቅደሱ ሣጥን ብዙ ነሐስ በሚጥሉት ባለጠጎችና በእርሷ መካከል ያለው ልዩነት በገንዘቡ ዓይነት እንዳይደለ ያስረዳል፤ እነርሱም ነሐስ ጣሉ፥ እርሷም ነሐስ ጣለች፤ ልዩነቱ በቤት በቀረው ነው።

የድንቢጦቹ ዋጋ አሣርዮን የተባለው ይኸው አስ ነው። ማቴዎስ ኹለት ድንቢጥ በአንድ አሣርዮን፥ ሉቃስ ግን አምስት ድንቢጥ በኹለት አሣርዮን እንደሚሸጡ ጽፈዋል። ይህ እንዴት ይስማማል ቢሉ፥ ኹለት በአንድ ከኾነ አራት በኹለት ይኾናል፤ አምስተኛይቱ ድንቢጥ ምራቂ ናት። ዋጋ የሌላት፥ ነጋዴው ገዢውን ደስ ለማሰኘት የሚጨምራት እርሷ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ አልተረሳችም። የነሐሱን ቍጥር ያላስተዋለ አንባቢ ይህችን አምስተኛይቱን ድንቢጥ አያገኛትም።

፮፤ ስለ ተማረከችው ይሁዳ

በ70 ዓ. ም. ጥጦስ ኢየሩሳሌምን ከያዘና ቤተ መቅደሱ ከተቃጠለ በኋላ፥ ከ71 ዓ. ም. ጀምሮ አባቱ አስባስያኖስ ቄሣር በሰፊው ሴስቴርቲዮስ ላይ አዲስ ሥዕል አስቀረጸ። በመሐል ዘንባባ ቆሟል፤ ከሥሩ አንዲት ሴት እጇን በጕንጯ አድርጋ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ በሌላው ወገን እጁ ወደ ኋላ የታሰረ ምርኮኛ ወይም ጦር የያዘ ቄሣር ይታያል። ጽሕፈቱ ይሁዳ ተማረከች ይላል። አስቀድሞ በገዦቹ ገንዘብ ላይ የምድሪቱ ፍሬና በረከት ምልክት የነበረው ዘንባባ፥ በዚህ ላይ የልቅሶዋ ምልክት ኾነ። ይህ ነሐስ በሮማ ግዛት ኹሉ ስለ ተዘዋወረ፥ ከኢየሩሳሌም ርቆ የሚኖረው አይሁዳዊ የከተማውን ጥፋት እንጀራ ሲገዛ በእጁ ያየው ነበር።

ለቤተ መቅደሱ ይከፍሉት የነበረውም ገንዘብ ለሮማ ጣዖት ለዩፒተር ቤት እንዲገባ ታዘዘ። ድምጥያኖስ ቄሣር ይህን ግብር በጭካኔ አስከፈለ፤ በ96 ዓ. ም. የተተካው ኔርዋ ግን በግብሩ ምክንያት ይደረግ የነበረውን የሐሰት ክስ አስቀረ፤ ይህንንም የሚናገር ጽሕፈት ከዘንባባው ጋር በሴስቴርቲዮስ ላይ አስመታ።

ከ132 እስከ 135 ዓ. ም. በባር ኮክባ መሪነት አይሁድ በሐድርያኖስ ቄሣር ላይ በተነሡ ጊዜ የራሳቸው ነሐስና ብር አልነበራቸውም። ስለዚህ የሮማን ገንዘብ እየሰበሰቡ፥ ትልልቁን ነሐስ በሞረድ ፍቀው፥ በቄሣር መልክ ላይ ዘንባባና የወይን ቅጠል፥ የዕብራይስጥም ፊደል መቱበት። በአንዳንዱ ላይ ግን የቄሣሩ ስም ፊደል ከሥር እስከ ዛሬ ይታያል። መልኩን ለመሸፈን የቻለው ምት ፈጽሞ ሊያጠፋው አልቻለም፤ ዓመፁም በ135 ዓ. ም. ተደመሰሰ።

፯፤ ስለ ቈስጠንጢኖስና ስለ እሌኒ፥ ስለ አክሱምም

በ3ኛው መቶ ዓመት የሮማ ገንዘብ እጅግ ተበላሸ፤ ብር ተብሎ የሚወጣው በ270 ዓ. ም. ገደማ ብር የተቀባ መዳብ ኾኖ ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ዓ. ም. ገደማ ሌላ ታላቅ ነሐስ አወጣ፤ በጀርባውም የሮማ ሕዝብ ጠባቂ የሚሉት ጣዖት ተቀርጾ ነበር።

ቈስጠንጢኖስ በ312 ዓ. ም. ድል ካደረገ በኋላ ወዲያው በገንዘቡ ላይ ያለው ኹሉ ክርስቲያናዊ ኾነ ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል፤ ነሐሱ ግን እንዲህ አይመሰክርም። ከድሉ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የማይሸነፈው ፀሐይ የንጉሡ ባልንጀራ ነው የሚል ጽሕፈት ከፀሐይ ጣዖት ጋር ይወጣ ነበር። በ327 ዓ. ም. ግን በቍስጥንጥንያ በተመታ ትንሽ ነሐስ ላይ፥ የክርስቶስ ስም የመጀመሪያ ኹለት የጽርእ ፊደላት በጫፉ ያሉበት ዓላማ እባብን ወግቶ ይታያል፤ ጽሕፈቱም የሕዝብ ተስፋ ማለት ነው። በ337 ዓ. ም. ከሞተ በኋላ ደግሞ በሠረገላ ሲወጣ እጅ ከሰማይ ወደ እርሱ ተዘርግታ የምታሳይ ነሐስ ወጣች። ሥዕሉ የኤልያስን ዕርገት ያሳስባል፤ ከስሙ ጋር የተጻፈው ማዕርግ ግን አረማውያን የሞቱ ቄሣሮቻቸውን አምላክ የሚሉበት የቀድሞው ቃል ነው። አሮጌውና አዲሱ በአንዲት ነሐስ ላይ አብረው ነበሩ።

መስቀሉን በማግኘት የምትታወቀው እናቱ ንግሥት እሌኒም በ324 ዓ. ም. ንግሥት ተብላ ስሟና መልኳ በነሐስ ላይ ወጥቷል። በጀርባው ቅርንጫፍ በእጇ ዝቅ አድርጋ የያዘች ሴት አለች፤ ጽሕፈቱ የመንግሥት ጸጥታ ማለት ነው። ጠጕሯ ተጐንጕኖ በራሷ ዙሪያ እንደ ታሰረ በዚህ ነሐስ ላይ በግልጥ ይታያል።

በ350 ዓ. ም. ቬትራንዮ የተባለ ቄሣር፥ በዚህ ምልክት ድል ታደርጋለህ የሚለውን ቃል በነሐስ ላይ አስጻፈ። የአክሱም ነገሥታትም ወርቅ፥ ብርና መዳብ ያስመቱ ነበር፤ ኢዛና አስቀድሞ ጨረቃና ክብ የነበረበትን ገንዘብ ካመነ በኋላ ወደ መስቀል ለወጠው። ከእርሱም በኋላ ከነገሡት አንዱ፥ ስሙ ካዕብና ሣልስ ሳይለይ በግእዝ ፊደል ብቻ መሐደየሰ ተብሎ የተጻፈው፥ በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ የሚል የግእዝ ጽሕፈት በመዳቡ ላይ አወጣ። በአክሱም መዳብ ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ የተቀባበት ይገኛል፤ ዋጋው ትንሽ በኾነ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ድካም መደረጉ ለመስቀሉ ስለ ተሰጠው ክብር ያስረዳል።

፰፤ የቄሣር መልክ ስለ ቀረበት ነሐስ

የምሥራቅ ሮማ መንግሥት መቀመጫውን በቍስጥንጥንያ አድርጎ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ። አናስጣስዮስ ቄሣር በ498 ዓ. ም. ታላቅ ነሐስ አውጥቶ የዋጋውን ቍጥር በትልቅ የጽርእ ፊደል አስጻፈበት። ቈይቶም ከ969 እስከ 976 ዓ. ም. በነገሠው በዮሐንስ ጺሚስቄስ ዘመን ቀድሞ ያልተደረገ ነገር ተደረገ። ከነሐሱ ገንዘብ የቄሣሩ መልክና ስም ፈጽሞ ቀረ፤ በፊቱ ወንጌል የያዘ የጌታችን ሥዕል፥ በጀርባው ኢየሱስ ክርስቶስ ንጉሠ ነገሥት የሚል ጽሕፈት ተቀረጸ። ቄሣሩ መልኩን በወርቁ ላይ አስቀረ፤ የድኻው ገንዘብ ግን የክርስቶስን መልክ ይዞ እስከ 1092 ዓ. ም. ድረስ ይመታ ነበር።

አባቶች የቄሣርን ገንዘብ ጥያቄ ሲተረጕሙ እንዲህ ይላሉ፤ ገንዘቡ የቄሣር መልክ ስላለበት ወደ ቄሣር ይመለሳል፤ ሰው ግን የእግዚአብሔር መልክ ስላለበት ራሱን ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ይህ ትርጓሜ በነሐሱ ታሪክ ይበልጥ ይበራል። የያኑስ ፊት፥ የኔሮን ፊት፥ የሴያኖስ ስም፥ የምርኮኛይቱ ይሁዳ ልቅሶ፥ ኹሉም በአንድ ዓይነት ማዕድን ላይ ተራ በተራ ወጡ፤ ተፋቁ፤ በሌላ ምት ተሸፈኑ። መበለቲቱ የጣለቻቸው ኹለት ጸራይቅ ግን መልካቸው ምን እንደ ነበረ ወንጌል አልነገረንም። የተመሰገነው ሰጪዋ ናትና፥ ገንዘቡ መልክ ሳይነገርለት በሣጥኑ ቀረ።

ስለዚህ ወንጌልን የሚተረጕም ካህን፥ ግብርንም የሚያስከፍል ሹም፥ ስለ ገንዘብ የተነገረ ቃል ባገኘ ጊዜ ሦስት ነገር ይመርምር፤ ገንዘቡ ወርቅ ነው ወይስ ብር ወይስ ነሐስ፤ በላዩ ያለው መልክ የማን ነው፤ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ ገባ። በወርቁ የሚገበያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ነሐሱ ግን የብዙው ሕዝብ ገንዘብ ነውና፥ በእርሱ የተነገረው ቃል ለሕዝቡ ኹሉ የተነገረ እንደ ኾነ ያስተውል።